ጉልቻው ሲነቃነቅ

ሰላም ጎበዝ፣ እንደምን ከረማችሁ! የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ላይ ነው የወደቁት፣ ትራይፖድ ላይ፣ ባለ ሶስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ ማለቴ ነው። እኔም ስጠብቀው የነበረ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ለካሜራና ለሌንስ ሲሆን ብድር ይገባል፣ እቁቡን ቀድሞ ያወጣል፣ ካሜራውን ለሚያቆምበት እቃ ሲሆን ግን "ርካሹን አምጣ" ብሎ ይወጣል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፣ ልክ ነው፣ ትራይፖድ ብቻውን ፎቶ አያሳምርም፣ ግን ጉልቻው ከተነቃነቀ ድስቱ ይደፋላ! ለማንኛውም ከደብረ ማርቆስ፣ ከባህር ዳር፣ ከደጀን፣ ከእንጅባራ፣ ከዘጌና ከፍኖተ ሰላም የመጡትን መርጫለሁ፣ እንደተለመደው ስም አላወጣም።

ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ፦ "ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ላይ 70-200 ሌንስ አድርጌ ነው የምሰራው። ትራይፖዴ ካርቶኑ ላይ 12 ኪሎ ይሸከማል ይላል፣ ግን ሙሽሮቹን አስተካክዬ ሄዱን (ካሜራው የሚቀመጥበትን የትራይፖዱን ጭንቅላት) አጥብቄ እጄን ስለቅ ካሜራው ቀስ እያለ አፍንጫውን ይደፋል። ወደ ጎን ሳዞረው ደግሞ መጀመሪያ ይያዝና ከዛ ድንገት ይለቃል፣ ቪዲዮው እንቅፋት እንደመታው ሰው ነው የሚሄደው። ባለሱቁ ካሜራህ ከብዶት ነው አለኝ። ሌላ ልግዛ ወይስ መላ አለው?"

ወንድሜ፣ ባለሱቁን ለጊዜው እንተወው። የጠቀስከው ካሜራ ከነባትሪው 650 ግራም ነው፣ ሌንሱ ብርሃን በብዛት የሚያስገባው ባለ 2.8ቱ፣ የመጀመሪያው ስሪት ከሆነ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ድምሩ ሁለት ኪሎ ከምናምን ነው። 12 ኪሎ እሸከማለሁ ያለ እቃ በሁለት ኪሎ ሊሰግድ አይገባም ነበር አይደል? ግን ይሰግዳል፣ ለምን መሰለህ፣ ያ ካርቶን ላይ ያለው ቁጥር ሁሉም ፋብሪካ በየራሱ መንገድ ለክቶ የሚጽፈው ነው እንጂ ሁሉም የተስማሙበት መለኪያ የለውም፣ አንዱ እግሩ ከላይ ሲጫኑት የሚችለውን ይጽፋል፣ አንዱ ሄዱ ሳይንሸራተት የሚይዘውን ይጽፋል፣ አንዱ ደሞ ደስ ያለውን ይጽፋል። አንድ ባሊ ውሃ ትከሻህ ላይ ቢያስቀምጡልህ ሰፈሩን ትዞራለህ፣ ያንኑ ባሊ ክንድህን ዘርግተህ ያዘው ብትባል ግን አንድ ደቂቃም አትቆይም። ያንተ ሌንስ ክንዱን የዘረጋው ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ካነበብክ አይቀር የእቃህን ክብደት ሁለት ሶስት እጥፍ የሚል ፈልግ፣ ከዛ በላይ ግን አትመነው።

አሁን አዲስ ከመግዛትህ በፊት የምትሞክረው ነገር አለ። ሌንስህ ወገቡ ላይ ቀለበትና ከስሩ አጭር እግር አለው፣ አውጥተህ ቦርሳ ውስጥ ጥለኸው ካልሆነ። ፕሌቱን፣ ሄዱ ላይ የምትገባውን ጠፍጣፋ ማሰሪያ ማለቴ ነው፣ ካሜራው ስር ሳይሆን እሱ እግር ስር እሰረው። ያኔ ክብደቱ ግማሹ ወደፊት ግማሹ ወደኋላ ይሆንና ሄዱ ላይ ያለው ጫና በጣም ይቀንሳል። ከዛ ሄዱን ፈታ አድርገህ ካሜራውን በሁለት ጣት ብቻ እየያዝክ ፕሌቱን ወደፊትና ወደኋላ አንሸራትተው፣ ወደ የትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ይገኛል፣ እዛ ላይ እርሳስ ወይ ነጭ ቀለም ነጥብ አድርግበት፣ በሰርግ ሩጫ መሀል ድጋሚ እንዳትፈልገው። ግማሹ ችግርህ እዚህ ጋ ያልቃል ብዬ እገምታለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን ሄዱ ነው። "መጀመሪያ ይያዝና ድንገት ይለቃል" ያልከው የተራ ሄድ ምልክት ነው፣ ብረትና ፕላስቲክ እርስ በርስ ሲፋተጉ እንደዛ ያደርጋሉ። ለቪዲዮ የሚያስፈልግህ ፍሉይድ ሄድ የሚባለው ነው፣ ውስጡ ወፍራም ቅባት በሳህኖች መሀል ተሞልቶ ስታዞረው እንደ ማር እየተለጠጠ ነው የሚሄደው፣ ስትጀምርም ስታቆምም አይነጥርም። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ አውስትራሊያዊው ሚለር ገና በ1940ዎቹ ነው የሰራው፣ እስከዛሬም ከሱ የተሻለ ነገር አልመጣም። አንድ ነገር ልንገርህ ግን፣ ካርቶኑ ላይ ፍሉይድ ስለተባለ ፍሉይድ አይሆንም፣ ብዙዎቹ ርካሾች ትንሽ ግሪስ የተቀባ ፕላስቲክ ናቸው። ሱቅ ውስጥ እጀታውን በአንድ ጣት ብቻ፣ በትንሿ ጣትህ፣ በጣም ቀስ ብለህ ግፋው፣ ልክ ሲነሳ ጠቅ የሚል ወይም የሚዘል ከሆነ ተወው። ሲቆም ደሞ እጅህን ስታነሳ ወደኋላ ትንሽ የሚመለስ ከሆነም ተወው፣ ያ መመለስ በሌንስ ሲጎላ ሙሽራዋን ከፍሬም ያወጣታል።

ቀጥሎ ካውንተር ባላንስ የሚባለውን እይ። ውስጡ ሞላ አለ፣ ካሜራው ወደፊት ሲያዘነብል ሞላው ወደኋላ ይገፋዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፣ የራስህን ካሜራ ከነሌንሱ ይዘህ ሂድ፣ ሄዱ ላይ አስቀምጠው፣ ማጥበቂያውን ሳትነካ ወደታች አዘንብለውና እጅህን ልቀቀው። እዛው ከቆመ ሸጋ ነው፣ ከወደቀ ሞላው ላንተ እቃ ያንሳል፣ ወደላይ ከተመለሰ ደሞ ይበዛበታል ማለት ነው። ደህናዎቹ ላይ ሞላው እንደ ማርሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እየተባለ ይቀየራል፣ ርካሾቹ ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ካንተ ካሜራ ክብደት ጋ ከገጠመ ችግር የለውም። ባለሱቁ "ካሜራ ይዘህ አትሞክር" ካለህ አመስግነህ ውጣ።

እግሩን ስትመርጥ ለቪዲዮ ጎድጓዳ መቀመጫ ያለውን ፈልግ፣ 75 ሚሊሜትር የሚባለው ላንተ ከበቂ በላይ ነው፣ 100ና 150 ለትልልቅ ካሜራ ናቸው። ጥቅሙ እግሮቹን እያረዘምክና እያሳጠርክ ውሃ ልኩን ስታሳድድ አትውልም፣ ከስር ያለውን እጀታ ፈታ፣ ሄዱን ዘንበል፣ አረፋዋ መሀል ስትገባ ጥብቅ፣ አለቀ። ዳስ የሚጣለው ተዳፋት መሬት ላይ እንደሆነ ታውቀዋለህ መቼስ፣ እኛ አገር ሰርግ ደግሞ ሜዳ መርጦ አይደገስም።

እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ከአመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ከሰው በላይ ለማየት ብዬ የመሀሉን ዘንግ እስከ ጥግ አወጣሁት። በዛ ላይ የካሜራው ፕሌት የሌላ ትራይፖድ ነበር፣ ገብቷል ግን ጠቅ አላለም፣ እኔም አልሰማሁም፣ እስክስታው ሲደምቅ የቱን ድምጽ ትሰማለህ። አንድ ሚዜ በትከሻው ሲነካው እግሩ ቆሞ ቀረ፣ ካሜራው ግን መንገዱን ሄደ። የተጎዘጎዘው ቄጠማ ነው ያተረፈኝ እንጂ ሌንሱ ያልቅለት ነበር፣ የተሰበረው የፀሐይ መከላከያው ብቻ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፣ ፕሌቱን ካስገባሁ በኋላ ካሜራውን ይዤ ወደላይ እስባለሁ፣ ትራይፖዱ አብሮ ከተነሳ ነው የምለቀው፣ የመሀሉን ዘንግ ደሞ ረሳሁት። የመሀል ዘንግ ማለት እኮ ሶስት እግር ላይ ያቆምከው አንድ እግር ነው፣ ሶስቱን ገዝተህ አንዱ ላይ ለምን ትሰራለህ። ቁመት ከፈለግክ እግሩ ራሱ ረጅም የሆነ ግዛ።

ኧረ አንድ ቀርቶኛል፣ ሰዉ የሚጨፍርበት የእንጨት መድረክ ላይ ትራይፖድ አታቁም፣ የዓለም ምርጡም ቢሆን አብሮ ይጨፍራል፣ መሬቱ ላይ አቁመው።

ገንዘብህን እንዴት ላከፋፍል ካልከኝ ለቪዲዮ ከግማሽ በላይ ሄዱ ላይ አውጣ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ጽፌ መጽሔቱ እስኪታተም ይቀየራል።

ጥያቄ ከባህር ዳር፦ "ሰላም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ቪዲዮ አልሰራም፣ ፎቶ ብቻ ነው። ክረምት ሲወጣ ጢስ አባይን፣ ከዛ ጮቄን ማንሳት እፈልጋለሁ። ምሄደው በሚኒባስና በእግር ነው። ካርቦን ፋይበር ይሻላል ወይስ አልሙኒየም? ሄዱስ ቦል ሄድ ነው ወይስ ባለ ሶስት እጀታው?"

እህቴ፣ ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረትም ቶሎ ይውጣል፣ በብርድ ስትይዢውም እንደ ብረት እጅ አይቆርጥም፣ ጮቄ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ከአራት ሺ ሜትር በላይ ቆመሽ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጊትዞ የሚባለው ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ካርቦኑን ካመጣ ወዲህ ተራራ የሚወጣ ሁሉ ወደዛ ነው የሄደው። ግን ዋጋው ካሜራሽን ሊያህል ይችላል፣ ከሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ደግሞ አልሙኒየም ይጎብጣል ካርቦን ይሰነጠቃል። ለተማሪ ደህና አልሙኒየም ከመናኛ ካርቦን ይሻላል ባይ ነኝ። ካርቦን የሚል ጽሁፍ ለጥፈው እንደ ሸምበቆ የሚወዛወዝ ስንት አይቻለሁ።

ይልቅ ቁሱን ተይውና የቱቦውን ውፍረት እይ። የግድግዳው ውፍረትና ቁሱ አንድ አይነት ከሆነ 28 ሚሊሜትር ቱቦ ከ22 ሚሊሜትሩ እጥፍ ያህል ነው ለመጎበጥ የሚያስቸግረው፣ በአይን ሲታይ ግን ልዩነቱ ምንም አይመስልም። ደግሞ የምታይው ላይኛውን ወፍራሙን ቱቦ አይደለም፣ እሱ ለማሳያ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን፣ መሬት የሚነካውን ቀጭኑን ነው። እሱ እርሳስ ካከለ በቃ ትራይፖዱ እርሳስ ነው። ለዚህ ነው ባለ ሶስት እጥፍ እግር ከባለ አራትና አምስት እጥፉ የሚሻለው፣ ሲታጠፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ሚኒባሱ ውስጥ እግርሽ ስር ይተኛል፣ ረዳቱ ይነጫነጫል፣ ይነጫነጭ።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አርጊ። ሁሉንም እግሮች እስከ ጥግ አውጪ። ጭንቅላቱን በመዳፍሽ ጫን በይው፣ የትኛውም እግር የሚንሸራተት ከሆነ አስቀምጪው። ከዛ ጭንቅላቱን ይዘሽ እንደ ጠርሙስ ክዳን ለመጠምዘዝ ሞክሪ፣ እዚህ ጋ ነው ብዙዎቹ የሚጋለጡት፣ እግሩ ከላይኛው ብረት ጋ የሚገናኝበት ብሎን ላልቶ ይሆናል። እሱ እንኳን በብሪጎላ ይጠብቃል፣ ካልጠበቀ ግን ተይው። በመጨረሻ ካሜራሽን አስቀምጪ፣ ሌንሱን እስከ ጥግ አስረዝመሽ ከሱቁ በር ማዶ ያለ ታፔላ ላይ አነጣጥሪ፣ ስክሪኑን አጉይው፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች አስር እጥፍ ድረስ ያጎላሉ፣ ከዛ አንዱን እግር በጥፍርሽ ጠቅ አርጊውና ፊደሉ እስኪረጋ ቁጠሪ። ደህናው "አንድ" ብለሽ ሳትጨርሺ ይረጋል፣ መናኛው ላይ አራት አምስት ድረስ ትቆጥሪያለሽ። ሁለት ሶስቱን ጎን ለጎን አርገሽ ብትሞክሪ ማንም ምክር ሳይሰጥሽ ትመርጫለሽ።

ሄዱን በተመለከተ፣ ለምትይው ስራ ቦል ሄድ፣ ውስጡ በኳስ የሚዞረው፣ ይበቃሻል፣ አንድ ቁልፍ ፈተሽ ሁሉንም አቅጣጫ ታስተካክያለሽ፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይፈጅም። ባለ ሶስት እጀታው ህንጻ ለሚያነሳና ቀስ ብሎ አንድ አንድ አቅጣጫ ለሚያስተካክል ሰው ነው። የቦል ሄድ በሽታው ካጠበቅሽው በኋላ ትንሽ መውረዱ ነው፣ ስለዚህ ኳሷ ትልቅ ትሁን። ሁለተኛ ትንሽ ቁልፍ ካለው፣ ማለቴ ኳሱን በመጠኑ አክብዶ የሚይዝ፣ ያንን ውሰጂ፣ እሱ ባይኖር ቁልፉን ስትፈቺ ካሜራው ጧ ብሎ ጣትሽን ይይዘዋል። ፕሌቱ ደግሞ አርካ ስዊስ የሚባለው አይነት ይሁን፣ ወርዱ 38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ጎኑ ሰያፍ ያለው፣ ብዙ ፋብሪካ ስለሚሰራው ቢጠፋብሽም አታለቅሺም።

ጢስ አባይ ላይ፣ ፏፏቴው ጥሩ የሚሆነው በክረምቱ ማብቂያ ነው፣ በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ አንዳንዴ ድንጋይ ነው የምታነሺው፣ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ሰው ጠይቂ። ውሃውን እንደ ነጠላ ማለስለስ ከፈለግሽ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) ከሩብ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ከፍተሽ ሞክሪ፣ ቀን ላይ ከሆነ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልግሻል። ካሜራው ላይ ያለውን መንቀጥቀጥ መከላከያ አጥፊው፣ አንዳንዶቹ ትራይፖድ ላይ ሲሆኑ የሌለ ንዝረት እያሳደዱ ራሳቸው ያደበዝዙታል። ቁልፉንም በጣትሽ አትጫኚው፣ ካሜራው ቆይቶ በራሱ የሚያነሳበትን የሁለት ሰከንድ ሰዓቱን ተጠቀሚ። ጮቄ ላይ ደሞ ጠላትሽ ንፋስ ነው፣ እግሮቹን ዝቅ አርጊ፣ አንዱን እግር ንፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ አዙሪው። ቦርሳሽን መሀል ላይ ስታንጠለጥይ ትንሽ መሬት ይንካ፣ አየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ቤተክርስቲያን ደወል እየተወዛወዘ ትራይፖዱን ይነቀንቀዋል፣ ሰዉ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስትመለሺ እግሮቹን ዘርግተሽ ጭቃውን በንጹህ ውሃ እጠቢ፣ ሳይደርቅ አትሰብስቢው። የሚጠመዘዘው አይነት መቆለፊያ ውስጥ የገባ አሸዋ ከወር በኋላ እንደ ቡና ወፍጮ ነው የሚጮኸው።

ጥያቄ ከደጀን፦ "እኔ የድሮ የመንገድ ስራ ሰራተኛ ነኝ። ቤቴ ውስጥ የቅየሳ የእንጨት ትራይፖድ አለ፣ ጠንካራ ነው፣ ሰው ቢቀመጥበትም አይነቃነቅ። ልጄ ካሜራ ላከችልኝ፣ የአባይን በረሃ ማለዳ ላይ ላነሳው እወዳለሁ። ካሜራው ግን ቅየሳው ላይ አልገጥም አለኝ። ይሆናል ወይስ ልጣለው?"

አባቴ፣ ኧረ እንዳይጥሉት! የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ቀናሁ። እንጨት ንዝረትን ከብረት በተሻለ ስለሚውጥ ዛሬም ድረስ ከእንጨት ትራይፖድ የሚሰሩ ፋብሪካዎች አሉ፣ እርስዎ ደሞ በነጻ ቤትዎ አቁመውታል። የማይገጥመው ብሎኑ ስለማይመሳሰል ብቻ ነው። የቅየሳው ብሎን ብዙ ጊዜ አምስት ስምንተኛ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 11 ጥርስ ነው፣ ካሜራ ስር ያለው ቀዳዳ ሩብ ኢንች በ20 ጥርስ፣ ሄድ ስር ያለው ደግሞ ሶስት ስምንተኛ ኢንች በ16 ጥርስ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት አንዲት ትንሽ ብረት ናት፣ ከስሯ የቅየሳውን ብሎን የምትቀበል፣ ከላይዋ ሶስት ስምንተኛ ብሎን የወጣላት፣ መሀሏ ሰፋ ያለ እንደ ሮንዴላ የሆነች። ተሰርታ የምትሸጥም አለች፣ ካጡ ግን ደብረ ማርቆስ ወይም ባህር ዳር ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ሲሄዱ የቅየሳውን ብሎንና ሄዱን ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፣ በቃል ከነገሯቸው በሚሊሜትር ጥርስ ያወጡልዎትና ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ በግድ ካጠበቁት ጥርሱን ይበላዋል።

ካሜራውን ቀጥታ ብረቷ ላይ አይሰሩት፣ መሀል ላይ ባለ ሶስት እጀታ ሄድ ያድርጉ፣ እርስዎ ቲዮዶላይት (የቅየሳ መነጽሩን) ያስተካከሉ ሰው ስለሆኑ እሱ ይመችዎታል። የእግሩ ሹል ብረት የደጀን አፋፍ አፈር ላይ እንደ ችካል ይተከላል፣ ሲሚንቶ ላይ ግን ሶስቱም እግሮች ወደ ውጭ ይንሸራተታሉና በገመድ እርስ በርስ ይሰሯቸው። የእግሩ ማጠፊያ ላይ ያሉት ብሎኖች በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላሉ፣ እያዩ ያጥብቋቸው። ክብደቱ ነው እንግዲህ ችግሩ፣ ከመኪና ሩቅ አይሂዱበት። ፎቶውን ሲያነሱ ይላኩልኝ።

ጥያቄ ከእንጅባራ፦ "ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን በዓል ላነሳ ነው፣ 150-600 ሌንስ ተውሻለሁ። ለሱ ጊምባል ያስፈልግሃል ተባልኩ፣ እኔ ጊምባል የማውቀው በእጅ የሚያዘውን ባለባትሪውን ነው። እሱ ይሄን ሌንስ ይችላል?"

አይ፣ ስሙ ነው ያሳሳተህ። ባለባትሪው ሌላ፣ ጊምባል ሄድ የሚባለው ሌላ ነው። ጊምባል ሄድ ባትሪም ሞተርም የለውም፣ እንደ ዥዋዥዌ ነው፣ ሌንሱ ቀለበቱ ላይ ታስሮ ክብደቱ እኩል ከተመጣጠነ በኋላ በአንድ ጣት ወደፈለግክበት ታዞረዋለህ፣ ስትለቀው ባለበት ይቆማል። ለረጅም ሌንስ ከሱ የሚበልጥ የለም። ግን ወንድሜ ለአንድ ቀን በዓል ብለህ አትግዛ። ለሚጋልብ ፈረስ ሹተርህ አንድ ሺኛ ሰከንድ ወይም ከዛ የፈጠነ ነው የሚሆነው፣ በዛ ፍጥነት መንቀጥቀጥ ብዙም አያስቸግርህም፣ ትራይፖዱ ክንድህን ከድካም ለማሳረፍ ነው። ለዛ ደሞ አንድ እግር፣ ሞኖፖድ ይበቃል። ሜዳው ዳር ሰዉ ይገፋፋል፣ ፈረሱም አንዳንዴ መስመሩን ስቶ ወደ ሰዉ ይመጣል፣ ሶስት እግር ዘርግተህ ማን ያሳልፍሃል፣ አንድ እግር ከሆነ አንስተህ ትሮጣለህ። ሞኖፖዱን ቀጥ አርገህ አታቁመው፣ እግሩን ትንሽ ወደፊት አርቀው ሌንሱን ወዳንተ ደገፍ አርገው፣ ካንተ ሁለት እግር ጋ ተደምሮ ሶስት ጉልቻ ሆነ አይደል።

ጥያቄ ከዘጌ፦ "አስጎብኚ ነኝ። ኡራ ኪዳነ ምህረት ውስጥ ስዕሎቹን ስናነሳ ፍላሽ አይቻልም፣ ትራይፖድ ደሞ ምንጣፉ ላይ ነው የሚቆመው፣ ፎቶው ይደበዝዛል። ለምን?"

ምንጣፉ ስለሚሰምጥ ነዋ። እግሮቹን ተክለህ ጭንቅላቱን ወደታች ጫን ጫን አርገው እስኪሰምጥ፣ ከዛ አስተካክለህ ወደኋላ ሂድና አስር ሰከንድ ጠብቅ፣ በሁለት ሰከንዱ ሰዓት ፋንታ በአስሩ አንሳ። በዛች ሰዓት ማንም ሰው በአጠገቡ አይራመድ፣ አንተም ጭምር፣ ምንጣፉ አንድ ላይ የተያያዘ ስለሆነ ከሁለት ሜትር ርቀት የረገጥከው እግሩ ስር ይደርሳል። ሹል እግር ያለውን ትራይፖድ እዛ አታስገባ፣ የጎማውን አርግ፣ ጎማው ያለቀ ከሆነ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠህ አልብሰው፣ ባህር ዳር ላይ ብስክሌት ሰሪ ጋ የተጣለ ሞልቷል። አባን ማስፈቀድ ደግሞ ላንተ አልነግርህም።

ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም፦ "የምግብ ቪዲዮ በስልክ እሰራለሁ። ድስቱን ከላይ ወደታች ማሳየት ስፈልግ ትራይፖዱ ይወድቃል። ምን ላድርግ?"

አንቺ፣ ስልኩን በአግዳሚ ዘንግ አውጥተሽ ድስቱ ላይ ስታንጠለጥይው ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሄደ ማለት ነው። ከሶስቱ እግሮች አንዱን በትክክል ከዘንጉ ስር፣ ወደ ድስቱ አቅጣጫ አድርጊው፣ ብዙ ሰው ይሄንን ብቻ አስተካክሎ ይገላገላል። ዘንጉ ወደኋላም ትርፍ ካለው እዛ ጫፍ ላይ በፌስታል ሁለት ሶስት ድንጋይ አንጠልጥይ፣ ከሌለው ደግሞ ትንሽ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ አርገሽ የኋለኞቹ ሁለት እግሮች ላይ ጣል አርጊበት። ያለሽ ትራይፖድ እንደ ጃንጥላ ዘንግ የቀለለ ከሆነ ግን አሸዋም አያድነውም፣ ስልክ ቀላል ስለሆነ ትራይፖዱም ቀላል ይሁን የሚባለው ስህተት ነው፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል ከባድ እግር ነው የሚያስፈልግሽ። የወጡ እንፋሎት ሌንሱን ሲያለብሰው በየመሀሉ በጥጥ ጨርቅ ጥረጊ። የስልክ መያዣው ቆንጣጭ ደሞ ሙቀት ሲነካው ስለሚላላ ስልኩን በጠንካራ ክር ከዘንጉ ጋ እሰሪው፣ ወጡ ውስጥ ከገባ ወዲያ ሩዝ ውስጥ ብትቀብሪውም አይነሳም።